ጨርቅ ከመቀስ ይቀድማል፦ የልብስ ንድፍ ትምህርት በካርቱም

ከ2023ቱ ጦርነት በፊት በካርቱም ፋሽን ዲዛይን መማር የሚፈልግ ወጣት ትምህርቱን በተለያየ ቤት ተበታትኖ ነበር የሚያገኘው። ሥዕሉና የጨርቅ ኅትመቱ ሥነ ጥበብ ኮሌጅ ነበር፤ ክሩና ሽመናው ምህንድስና ክፍል፤ መቀሱና ስፌቱ ደግሞ በአብዛኛው ገበያ ውስጥ፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ። ይህ አከፋፈል እንዲሁ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ሥሩ ያለው አገሬው በሚለብሰው ልብስ ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መቀስ ያልነካው ልብስ

የሱዳን ሴቶች ዋና ልብስ ቶብ ነው። አራት ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም ወጥ ጨርቅ ሲሆን ገላ ላይ ተጠምጥሞ ጫፉ ራስ ላይ ይጣላል። እንደ እኛ ነጠላ ሁሉ በልክ ተቆርጦ አይሰፋም። ስለዚህ የቶብ ንድፍ አውጪ የሚጨነቀው ስለ ትከሻና ወገብ ልክ ሳይሆን ስለ ጨርቁ መሳሳትና መክበድ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ኅትመቱና ስለ ጥልፉ ነው። አዲስ ዓይነት ቶብ ገበያ ሲወጣ ስም ይወጣለታል። «ካርቱም በሌሊት» የሚባል ቶብ ነበር፤ የታሪክ ተመራማሪዋ ማሪ ግሬስ ብራውን በቅኝ ግዛት ዘመን ስለነበረው የሱዳን ሴቶች አለባበስ በ2017 ላሳተመችው መጽሐፍ ርዕስ ያደረገችው ይህንኑ ስም ነው።

ነጭ ቶብ የራሱ ታሪክ አለው። በ1921 ኦምዱርማን ውስጥ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ አዋላጇ፣ መምህርቷ፣ ነርሷና የቢሮ ሠራተኛዋ በነጭ ቶብ የሚታወቁበት ዘመን መጣ። በሚያዝያ 2019 ተማሪዋ አላ ሳላህ መኪና ላይ ቆማ ሕዝቡን ስታነቃቃ የተነሳችው ፎቶግራፍ ዓለምን ሲያዳርስ የለበሰችው ይህንኑ ነጭ ቶብ ነበር። ፎቶውን ያየ ሱዳናዊ እናቱንና አያቱን ለማስታወስ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

የወንዱም ልብስ ለንድፍ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። እኛ ድርቡሽ የምንላቸው የመሐዲ ተከታዮች ጂባ የሚባለውን ልብስ የለበሱት ዓለምን የናቀ ድሃ ምልክት አድርገው ነበር፤ ልብሱ የተጣጣፈ ነው። እየቆየ ግን እራፊው መልክ ያዘ፤ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ፣ ቀለሙ የተመረጠ ማስጌጫ ሆነ። የድህነት ምልክቱ የሠራዊት መለያ ሆነ ማለት ነው።

ኮሌጁ

ዘመናዊው የንድፍ ትምህርት የተጀመረው በ1946 በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ፣ በእንግሊዛዊው ዣን ፒየር ግሪንሎ አማካይነት ነው። ትምህርት ቤቱ በኋላ ወደ ካርቱም ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተዛወረ፤ ኢንስቲትዩቱ በ1975 ፖሊቴክኒክ፣ በ1990 ደግሞ የሱዳን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብና ተግባራዊ ጥበብ ኮሌጅ የሚባለው ያው የንድፍ ትምህርት ቤት ነው። በውስጡ ከሥዕል፣ ከቅርጻ ቅርጽ፣ ከሸክላና ከአረብኛ ቁም ጽሕፈት ጋር የጨርቃ ጨርቅ ንድፍና ኅትመትም ይሰጥ ነበር።

ኮሌጁን ስመ ጥር ያደረጉት ግን ሠዓሊዎቹ ናቸው። ኢብራሂም ኤል ሳላሂ በ1950ዎቹ ለንደን ተምሮ ሲመለስ ሥራዎቹን ለካርቱም ሰው አሳየ፤ ሰዉ ግን ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም። እሱም ፊቱን ወደ አገሩ አዞረና በየቤቱ ያለውን ጌጥና የቁም ጽሕፈቱን ቅርጽ ማጥናት ያዘ። ስሙ ከእሱና ከሠዓሊው አሕመድ ሽብሬን ጋር የሚነሳው «የካርቱም ስኩል» የተባለ የሥዕል እንቅስቃሴ የተወለደው ከዚህ ፍለጋ ነው። በ1963 ከዚሁ የካርቱም ኮሌጅ የተመረቀችው ሠዓሊ ካማላ ኢብራሂም ኢስሃቅም ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊ የጥበብ ኮሌጅ ተምራ ስትመለስ በተመረቀችበት ኮሌጅ አስተምራለች። ለጨርቅ ተማሪ ከዚህ ታሪክ የሚተርፈው ነገር አለ፤ የፓሪስን ፋሽን ከመቅዳት በፊት የገዛ አገርን ጥለት ማንበብ ይቀድማል።

ሌሎቹ በሮች

ለሥነ ልብስ ጥናት መሠረት ከጣሉት አንዷ ትውልደ እንግሊዛዊቷ ሠዓሊ ግሪሴልዳ ኤል ታይብ ናት። ሱዳን ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ኖራ በየክልሉ የሚለበሰውን ልብስ በሥዕልና በጽሑፍ መዘገበች፤ በ1970ዎቹም በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጥናቷን በዚሁ ላይ ሠራች። የሱዳንን ባህል ልብስ የሚያጠና ሰው የእሷን ሥራ ሳያይ አያልፍም።

ለሴቶች ደግሞ ኦምዱርማን ውስጥ ሌላ በር፣ የአህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ አለ። መነሻው ሼኽ ባቢከር በድሪ በ1907 ሩፋዓ ከተማ የከፈቱት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነው፤ በ1966 ወደ ኮሌጅ ሲያድግ ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ክፍሎች አንዱ የቤተሰብ ሳይንስ ሆነ።

ወደ ምህንድስናው በር የሚያደርሰው ጥጥ ነው፤ እሱም የሚመጣው ከገዚራ የመስኖ እርሻ ነበር። ከ1925 የሰናር ግድብ ወዲህ የሱዳን ረጅም ክር ጥጥ ወደ እንግሊዝ ፋብሪካዎች ይጫን ነበር፤ ያለቀለት ጨርቅ ደግሞ ከውጭ ይገባል። በኋላም ቢሆን ሴቶች አብልጠው የሚመኙት የስዊዘርላንድ ቶብ ነበር። ጥጥ አምራች አገር ምርጥ ልብሱን ከውጭ የሚገዛበት ይህ አካሄድ በዋድ መዳኒና በካርቱም የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ትምህርት ያስፈለገበትን ምክንያት ይናገራል።

ሕግና ጦርነት

ሙያው በሕግም ተፈትኗል። የ1991ዱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 152 «ነውረኛ አለባበስ» በሚለው እስከ 40 ግርፋት ያስቀጣ ነበር፤ በ2009 ጋዜጠኛዋ ሉብና ሁሴን ሱሪ ለብሳ በመገኘቷ ፍርድ ቤት ቆማለች። እንዲህ ያለውን ቁጥጥር የሚያጠናክረው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የተሻረው በኅዳር 2019 ነው። ለፋሽን የተከፈተው በር ግን ብዙም አልቆየም፤ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተቀሰቀሰ። ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፣ ተዘረፉ፤ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች፣ ወደ ግብፅና ወደ እኛም አገር ተሰደዱ።

ከባሕር ዳር ሲታይ

የእኛ መንገድ ከሌላ አቅጣጫ ነው የተጀመረው። ባሕር ዳር ላይ በ1961 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1963 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከክር እስከ ፋሽን ዲዛይን ያለው ትምህርት በአንድ ግቢ ይሰጣል። የእኛ ትምህርት ከፋብሪካ ተነሳ፤ የካርቱሙ ከሥዕል። የእኛው ማሽኑን፣ የእነሱ ጥለቱን ያስቀድማል።

ስለዚህ ፋሽን ለመማር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ራሱን ይጠይቅ፦ የምወደው ጨርቁን ነው፣ ስፌቱን ወይስ ክሩን? ሦስቱን ባንድ ላይ ጠንቅቆ የሚያስተምር ቤት ጥቂት ነው፤ የጎደለውን ተማሪው ራሱ ከሸማኔውና ከልብስ ሰፊው ሄዶ መሙላት አለበት። ካርቱምም ስትጠገን የተበታተኑትን ቤቶች ብታገናኝ ይበጃታል፤ ጥጡም፣ ጥለቱም፣ ባለሙያውም አሏት። የእኛ ኢንስቲትዩቶችም ተሰደው ለመጡት የሱዳን መምህራንና ተማሪዎች በራቸውን ቢከፍቱ ሁለታችንም እናተርፋለን።