ተወቃሹ ጎማ

ሰሌዳው እስከ ዛሬ ቆሟል። «ለብስክሌት የተከለከለ» ይላል፤ ከኋላው ሁለት ግንድ ተጋድሟል። ከጣሊያኗ ፊናልቦርጎ ቅጥር በላይ፣ በአሮጌ የወይራ እርከኖች ጎን የሚወርደው ያ ቀጭን መንገድ የተዘጋው መሐሉ ተቦርቡሮ ጉልበት የሚያስገባ ቦይ ስለሆነ ነበር። ጥፋተኛውም ወዲያው ተገኘ፤ የብስክሌት ጎማ። ብስክሌተኞቹ አላንገራገሩም፤ ሌላ መውረጃ ስለነበራቸው ትተውት ሄዱ። የዝናቡ ወራት ዞሮ ሲመጣ፣ አንድም ጎማ ባልነካው መንገድ ላይ ቦዩ ወደ ወገብ ተጠጋ፤ ከሥሩ ያለው የእርከን ካብም የደለሉ ክብደት በዝቶበት ተናደ። የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ ሊያግዝ ሲወርድ፣ የወይራው ባለቤት የሆኑት አዛውንት የተናደውን ድንጋይ አንድ በአንድ እየመለሱ ነበር። «እናንተ ባትጀምሩት ኖሮ» አሉት ቀና ሳይሉ።

የአዛውንቱ ንዴት አይፈረድበትም፤ ካባቸው ነው የፈረሰው። የሚገርመው ግን ሰሌዳውን የተከሉት ሰዎች በዓመቱ መጥተው፣ የጠለቀውን ቦይ በዓይናቸው አይተው፣ የሰሌዳውን ቀለም አድሰው መመለሳቸው ነው።

ፊናሌ ሊጉሬ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በጄኖቫና በፈረንሳይ ድንበር መካከል የምትገኝ የባሕር ዳር ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1927 ሦስት ከተሞች ተዋህደው የተመሠረተች ስትሆን፣ ከሦስቱ አንዷ ከባሕሩ ገባ ብላ በሁለት ወንዞች መጋጠሚያ ላይ የተቆረቆረችው ፊናልቦርጎ ናት። የዴል ካሬቶ መኳንንት መናገሻ ነበረች፤ ቅጥሯም በሮቿም ዛሬ ድረስ አሉ። ከራስጌዋ ስፔኖች በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት የሳን ጆቫኒ ምሽግ ቆሟል። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1713 ግዛቱን በገንዘብ የገዙት ጄኖቫዎች ያፈረሱት የጋቮኔ ግንብ ፍራሽ ይታያል። ቅዳሜ ጠዋት በበሩ የሚገባ ሰው ግን ከግንቡ ቀድሞ የሚያየው ብስክሌት ነው። በየካፌው ግድግዳ ጭቃ የጠጣ ብስክሌት ተደግፎ፣ የጉልበት መከላከያ እጀታው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ባለቤቱ ቡናውን ቆሞ ይጠጣል። ተጎታች የታሰረላቸው ሚኒባሶች ከባሕር ጠለል ተነሥተው፣ ቀድሞ የኔቶ ጣቢያ ወደነበረበት 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ጋራ ያወጧቸዋል፤ ከዚያ ቁልቁል ነው። ኤንዱሮ የተባለው የተራራ ብስክሌት ዘርፍ የዓለም ውድድር እ.ኤ.አ. በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ የዓመቱ መዝጊያ እዚሁ ነበር።

ይህን ሁሉ ጎማ ያየ ሰው ቦረቦር ሲገጥመው ማንን እንደሚጠረጥር ግልጽ ነው። እግረኛው እንዲያ ይላል፣ አዳኙ እንዲያ ይላል፣ የእርሻው ባለቤት እንዲያ ይላል። የሚያሰለቸው ራሱ ብስክሌተኛው አንገቱን ደፍቶ «እውነታችሁን ነው፣ እኛ ነን» ማለቱ ነው። መንገድ ሲጠግኑ የሚውሉ ሰዎች ግን ሌላ ነገር ያያሉ። ሰው የማይረግጠው መንገድ ሲቦረቦር፣ በቀን መቶ ብስክሌት የሚወርድበት ደግሞ ዓመት ከዓመት ሳይነቃነቅ ሲቆይ ያያሉ። ልዩነቱ በማን እንደተረገጠ ሳይሆን ውኃው በየት እንደወጣ ነው።

ፊናሌ ባለችበት በሊጉሪያ ክልል ተራራው ከባሕሩ ዳር ቀጥ ብሎ ይነሣል። በጥቅምትና በኅዳር ገና ያልቀዘቀዘው ባሕር የሚልከው እርጥብ አየር ተራራውን ሲመታ፣ የወራት ዝናብ በአንድ ቀን ሊወርድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 በሳቮና አቅራቢያ ከተዳፋት የተናደ ጭቃ የአውራ ጎዳና ድልድይ ክፋይ ገፍቶ ጥሏል፤ የኮንክሪት ምሰሶ ያልቻለውን የጫካ አፈር እንዴት ይችለዋል? የወንዝ ትምህርት የቀሰመ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የውኃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሊያንከባልለው የሚችለው ድንጋይ ክብደት በስሌት እስከ 64 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ቁልቁል ቀጥ ብሎ የተሠራ መንገድ፣ አንዴ ውኃው ከገባበት፣ ከመንገድነት ይልቅ የጎርፍ ማሳለፊያ ይሆናል። በላዩ ብስክሌት ወረደ፣ በቅሎ ወረደ፣ ማንም አልወረደ ውጤቱ ብዙም አይለወጥም። ጎማን መውቀስ ጣራው እያፈሰሰ ወለሉን በጫማው የረገጠውን እንግዳ እንደ መውቀስ ነው።

ይህ የባለሙያ ግትርነት ብቻ እንዳይመስል፣ የተለካም አለ። ዊልሰንና ሴኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት በአሜሪካ ሞንታና ግዛት በተራራ መንገዶች ላይ 108 ቦታዎች መርጠው እግረኛ፣ ፈረስ፣ ሞተር ብስክሌትና ብስክሌት አመላልሰውባቸዋል። ብዙ አፈር ያስለቀቀው የፈረስ ኮቴ ነበር፤ ፈረስና እግረኛ ከሁለቱ ባለጎማዎች የበለጠ አፈር አላቅቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በካናዳ ኦንታርዮ የወጣው የተርስተንና የሪደር ጥናትም በእግረኛና በብስክሌተኛ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። እርግጥ ነው፣ ሁለቱም ጥናቶች በሚኒባስ ወጥቶ ሙሉ ቀን እየተንደረደረ የሚወርድን ሰው አልለኩም። ጥናት በእጁ የያዘ ብስክሌተኛ ይህን ሲዘልለው ማየት እንደ ሰሌዳው ያበሳጫል።

ጎማም ኃጢአት የለበትም አይባልም። በረጠበ የሸክላ አፈር ላይ ፍሬኑን ቆልፎ የሚንሸራተት ብስክሌት ጎድጎድ ጥሎ ያልፋል፤ ቀጣዩ ዝናብ የሚጀምረው ከዚያ ጎድጎድ ነው። ጥምዝ መንገድ ሲያገኝ አቋርጦ የሚወርድም አለ፤ ያ አቋራጭ በሁለት የዝናብ ወራት ቦረቦር ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ሰው ሳያይ በጨለማ የሚቆፈረው መንገድ ነው። ቆፋሪው ፍጥነት ስለሚፈልግ ቀጥ አድርጎ ይወርዳል፣ ከውኃው ጋር አንድ ምርጫ ይመርጣል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሲዘጋ የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ ተቃውሞ የለውም፤ ዘግቶ መሄድ ብቻውን ግን አፈሩን አያድነውም።

የቀደሙት መንገድ ሠሪዎች መንገድን የሚያድነው የውኃው አካሄድ መሆኑን ያውቁ ነበር። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው የፖንቺ ሸለቆ፣ አውግስጦስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13 ዓመት ያስጀመረው የዩልያ አውግስታ መንገድ ያልፋል፤ የሮማውያኑ ድልድዮች፣ በተለይም «የተረት እመቤቶች ድልድይ» የሚባለው፣ ዛሬም ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1666 ደግሞ የስፔኗ ልዕልት ማርጋሪታ ቴሬዛ፣ ቬላስኬዝ በሕፃንነቷ በ«ላስ ሜኒናስ» ሥዕሉ ያቆማት ያቺው ልጅ፣ ለጋብቻ ወደ ቪየና ስትሄድ ከመርከብ የወረደችው በፊናሌ ነው። መሐንዲሱ ጋስፓሬ ቤሬታ ለአጀቧ ያዘጋጀው መንገድ አሁንም በስሙ ይጠራል። ሠረገላና የጭነት በቅሎ እንዲወጣው የታሰበ መንገድ ተዳፋቱን አቋርጦ በዝግታ መውጣት አለበት፤ በዝግታ የሚወጣ መንገድ ደግሞ ውኃን አያጣድፍም። የመንገድ በድንጋይ መነጠፍ ይረዳል፤ ድንጋይ ግን ብቻውን አያድንም። በዚያው አካባቢ የጎን መውጫቸው ተደፍኖ ንጣፋቸው እንደ ጥርስ የተነቀለ የበቅሎ መንገዶች ሞልተዋል።

የዛሬዎቹ መንገድ ሠሪዎች ይህንኑ በቁጥር ጽፈውታል። ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ያስፋፋው ልማድ፣ የመንገዱ ቁልቁለት በአማካይ ከ10 በመቶ አይብለጥ፣ ከሚያቋርጠው ተዳፋት ቁልቁለትም ከግማሽ አይለፍ ይላል። ተዳፋቱ 16 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ8 በመቶ አይለፍ ማለት ነው። ወለሉ ወደ ታችኛው ጠርዝ 5 በመቶ ያህል ያዘንብላል፤ ውኃው መንገዱን ተከትሎ በመሮጥ ፋንታ ተሻግሮት እንዲወርድ። በየመሐሉ ደግሞ ቁልቁለቱ ለጥቂት እርምጃ ተገልብጦ አቀበት ይሆናል፤ ከዚያች ጉብታ ሥር የደረሰ ውኃ ወደ ጎን ከመውጣት ሌላ ምርጫ የለውም። ብስክሌተኛው ጉብታዋን ለጨዋታ የተሠራች ይመስለዋል፣ ይዘልባታልም። ይዝለልባት።

የሚያናድደው በጀት ሲገኝ የሚሠራው ነው። ቦረቦሩ በጠጠር ይሞላል። ውኃው የሚገባበት አፍ ሳይዘጋ የተሞላ ጠጠር በመጀመሪያው ዶፍ ተጠርጎ ከታች ያለ ሰው ማሳ ላይ ይከመራል፤ በዓመቱ ሌላ ጠጠር ይታዘዛል። ወይም መንገዱን አግድም የሚያቋርጥ ግንድ ይቀበራል። ከግንዱ ጀርባ ደለል ይሞላል፣ ውኃው በላዩ ዘሎ ከፊቱ ይቆፍራል፤ እግረኛውም ብስክሌተኛውም ግንዱን በጎን ይዞራሉ፣ መንገዱ ይሰፋል። ከዚያ «ብስክሌተኞች መንገዱን አሰፉት» የሚል ደብዳቤ ይጻፋል።

በአማርኛ ለሚያነብ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በደጋው ቦረቦር የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከብት ወደ ውኃ ከሚወርድበት መንገድ ነው፤ ገበሬው ግን ከብቱን ረግሞ አይቀመጥም፣ ከላይ መቀልበሻ ቦይ ይቆፍራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገቡት የኮንሶ ከተሞች በድንጋይ ካብ የታጠሩ ናቸው፤ በዙሪያቸው ያለው እርከንም ያለ ሲሚንቶ የተካበ ነው፤ አፈሩን ይይዛል፣ ውኃ ያቁራል፣ የተረፈውንም ያስወጣል። የሊጉሪያ ወይራ እርከኖችም በዚያው ጥበብ ቆመዋል፤ ያለ ማያያዣ ድንጋይ የመካብ ጥበብ ጣሊያንን ጨምሮ በስምንት አገሮች ስም እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ኮንሶን ያየ ሰው የፊናሌን የተናደ ካብ ሲያይ የሚጠይቀው ጥያቄ ከላይ ያለው ውኃ ለምን ወደዚህ መጣ የሚል ነው። የብስክሌት ጎማ በሐሳቡም አይመጣም።

ሥራው የሚሠራው በመስከረም፣ ዝናቡ ሳይገባ ነው፤ የሚታየው ግን ሲዘንብ ነው። በደረቅ ቀን መንገድ ሊመረምር የሚወጣ ሰው ጊዜውን ያባክናል። ካፖርት ደርቦ፣ ዶማ ይዞ፣ ውኃው እየሮጠ ሳለ መውጣት ይሻላል፤ የት እንደገባ፣ የት እንደተጠራቀመ፣ የትኛው መውጫ በረገፈ ቅጠል እንደተደፈነ ያኔ በግልጽ ይታያል። አንድ መውጫ በዶማ ሁለት ሦስቴ ሲነካ ውኃው ወዲያው አቅጣጫ ይለውጣል። ለዚህ ሥራ ግን ሰው አይገኝም። አዲስ መዝለያ ይሠራል ሲባል ወጣቱ አካፋውን ይዞ ከሚላኖም ከቱሪንም ይመጣል፤ ቅጠል ይጠረጋል ሲባል ስልኩ አይነሣም። በየሳምንቱ ሚኒባሱ ውስጥ የሚጠየቀውም «አዲሱ መንገድ መቼ ይከፈታል?» የሚል ነው። ከጫካው በታች ያሉት ሠላሳ ያህል መውጫዎች ተጠርገው ሲያልቁ ይከፈታል፤ ጠራጊዎቹ ዘንድሮ አራት ናቸው።