ሐሙስ ጧት ወደ ሐሙሲት፦ የገበያ መንገዶችን በእግር ለመጓዝ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ሠላሳ ኪሎ ሜትር አለፍ እንዳለ ሐሙሲትን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። አብዛኛው መንገደኛ ከተማዋን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የሚወጡት የእግር መንገዶች ግን አስፋልቱ ሳይታሰብ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ዛሬም እህሉ፣ ዶሮው፣ በጉና ማገዶው የሚመጣው በእነሱ ነው። አገሩን በእግሩ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከእነዚህ የተሻለ መንገድ የለም። አካሄዳቸውን ማወቅ ግን ይጠይቃል።

ሐሙሲት በደራ ወረዳ ያለች፣ በሐሙስ ገበያዋ የተሰየመች ከተማ ናት። በዚያው ወረዳ አርብ ገበያ የምትባል ሌላ ከተማ አለች። ገበያዎች ቀን ተከፋፍለው መቆማቸው ነጋዴው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲዞር ያስችለዋል፤ ገበሬውም ዛሬ ያልሸጠውን ነገ ሌላ ቦታ ይሸጠዋል። ስለዚህ መንገዶቹ ቀዬን ከከተማ ብቻ ሳይሆን ገበያን ከገበያም ያገናኛሉ።

የገበያ መንገድ ከቀዬ ሲነሳ ቀጭን ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። ከጎረቤት ቀዬ የሚመጣው ሲቀላቀለው ሰፋ ይላል፣ ጭነት የያዙ አህዮች የሚተላለፉበት ይሆናል። ከተማው ሲቃረብ ደግሞ ጎን ለጎን የሚሄዱ ብዙ ዱካዎች ይታያሉ፤ አንዱ በክረምት ሲጨቀይ ሰው ከጎኑ ሌላ ስለሚከፍት ነው። እንግዳ ሰው ይህን ካወቀ በቀላሉ አይጠፋም። መንገዱ እየሰፋ ከሄደ ወደ ገበያ፣ እየቀጠነ ከሄደ ወደ ሰው ደጅ እየወሰደው ነው። ወደ ምንጭ ወይም ወደ ወንዝ የሚወርደው መንገድ ውሃው ጋ ያበቃል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው ደግሞ ከሩቅ በዛፎቹ ይታወቃል፤ በደቡብ ጎንደር ከጥንቱ ደን የተረፈው አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው። ብዙዎቻችን በ«እመጓ» መጽሐፉ የምናውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ተመራማሪ ሲሆን፣ የዚህን አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዓመታት አጥንቷል። ከብት እንዳይገባባቸው የድንጋይ ካብ የታጠረላቸውም አሉ። ለእግረኛ እነዚህ ደኖች አቅጣጫ መያዣም ጥላም ናቸው።

መንገዶቹ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አይቀመጡም፤ ይህን ከከተማ የሚመጣ ሰው አያስበውም። ክረምት ላይ ማሳው በሰብል ሲሸፈን መንገዱ በድንበር ድንበር ይዞራል፤ አቋርጦ የሄደ ሰው የሰው እህል ረገጠ ማለት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እህሉ ታጭዶ ሲነሳ ያው መንገድ ማሳውን ሰንጥቆ ቀጥ ይላል፣ ጉዞውም ያጥራል። ስለዚህ ባለፈው የካቲት የሄዳችሁበትን አቋራጭ በነሐሴ አትፈልጉት። ጥቁሩ አፈርም በክረምት ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ ይሆናል። ለእግር ጉዞ የሚመቸው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር አረንጓዴው ገና ያልጠፋበት፣ አየሩም የጠራበት ነው። በጣና ዙሪያ ያለው ዝቅተኛ ስፍራ ክረምት እንደወጣ ወባ ስለሚበዛበት፣ በእነዚያ ወራት እዚያ የሚያድር ሰው አጎበር ይያዝ።

እንግሊዝ አገር በትናንሽ የገበያ ከተሞች ዙሪያ ያሉት ተመሳሳይ መንገዶች በሕግ የተያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1932 ኪንደር ስካውት በተባለው ተራራ ላይ መቶዎች የባለርስቶችን ክልከላ ጥሰው በእግር ወጡ፤ አምስቱ ታሰሩ። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው አዋጅ የአካባቢ ምክር ቤቶች የሕዝብ የእግር መንገዶችን በካርታ እንዲያሰፍሩ አስገደደ። ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ 225 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሕዝብ መንገድ ተመዝግቧል። ገበሬው ማሳውን ሲያርስ በመሀሉ የሚያልፈውን መንገድ ቢያፈርስ፣ በ14 ቀን ውስጥ መልሶ የመክፈት ግዴታ አለበት። በደራ ይህን ሥራ የሚሠራው የሰው እግር ነው፤ ሐምሌ ላይ የታረሰው መንገድ ጥር ላይ በገበያተኛው እግር ተመልሶ ይከፈታል። ይህ ግን የሚሆነው ሰው በብዛት በእግሩ እስከሄደ ድረስ ነው። ባጃጅ በገባበት አቅጣጫ እግረኛው ይቀንሳል፤ ድንበሩ ላይ ባሕር ዛፍ ከተተከለ ደግሞ መንገዱ ይዘጋል።

ከሐሙሲት የት የት ይኬዳል? እኔ የማስቀድመው የምዕራቡን፣ ወደ ቆራጣ የሚወርደውን ነው። ቆራጣ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች፣ ለጠንካራ እግር የግማሽ ቀን ጉዞ የምትጠይቅ ጥንታዊ የንግድ ከተማ ናት። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው። ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642 እ.ኤ.አ.) ዓፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲያዘነብሉ አልቀበልም ብላ የመነነች፣ በጣና ዙሪያ ማኅበራትን የመሠረተች መነኩሲት ናት፤ ገድሏም ከሞተች ሠላሳ ዓመት በኋላ ተጽፏል። በ1858 ዓ.ም ዓፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን መልክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምን፣ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ከመቅደላ እስኪመጡለት ድረስ ያቆዩት በዚችው በቆራጣ ነበር። ከኮረብታው ወደ ሐይቁ ስትወርዱ አገሩ ይለወጣል፤ ረግረጉ ይሰፋል፣ ደንገል ይታያል፣ በራሳቸው ላይ ወርቃማ ጉትዬ የደፉ ረጃጅም ወፎች በግጦሹ ላይ ይራመዳሉ። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ሐይቁ ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለበት። ከዚያ አልፎ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ለመሻገር የሚያስብ ሰው፣ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስላሉ አስቀድሞ ይጠይቅ።

በምሥራቅ በኩል ዋንዛዬ አለ። ከጉማራ ወንዝ ዳር የሚፈልቀው ፍል ውሃ ሕመምተኛው ቀናት ቆጥሮ የሚነከርበት ነው። በዚህ አቅጣጫ ለሚሄድ ሰው ዋናው ጥንቃቄ ወንዙ ነው። ጉማራ የሚነሳው ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ በኩል ስለሆነ፣ ደራ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እንኳ ላይ አገር በዘነበ ዝናብ ሊሞላ ይችላል። በክረምት መሻገሪያውን ከአካባቢው ሰው ሳይጠይቁ መግባት ሞት ነው።

ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ የሚያድር ደግሞ ከከተማዋ ወጣ ብላ ያለችውን ጋፋትን በእግሩ ይጎብኝ። ሴባስቶፖል የተባለው የዓፄ ቴዎድሮስ መድፍ ቀልጦ የተሠራው እዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ሲነሱ መድፉን የሚያሳልፍ መንገድ ስላልነበረ፣ ንጉሡም ወታደሩም ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ እያበጁ መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከሐሙሲት ተነሥቶ ባይወጣ ይሻላል፤ ወደ ሐሙሲት ይምጣ። ረቡዕ በዚያው ወረዳ ባለችው በአንበሳሜ ከተማ አድሮ፣ ሐሙስ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ወደ ገበያው ከሚወርዱት ጋር ይነሣ። ሰዉ መንገዱን ያውቃል፤ ጨዋታ አለ፤ ጉዞው የሚያበቃውም ምግብና መኪና ባለበት ነው። ከሰዓት በኋላ ከተመላሹ ጋር የወጣ እንግዳ ግን ገበያተኛው በየቀዬው እየገባ ሲያልቅ መሽቶበት ብቻውን ይቀራል።

መንገድ ስትጠይቁ ርቀት አትጠይቁ። «አባቴ፣ ቅርብ ነው?» ካላችሁ «እዚህችው ናት» ይሏችኋል፣ ለእሳቸው እውነት ነው። «ለምሳ ያደርሰኛል?» ብትሉ ግን ተመልክተዋችሁ፣ አረማመዳችሁንም መዝነው ትክክለኛውን ይነግሯችኋል። በእርሻ ላይ ያለን ሰው «እግዜር ያበርታዎ» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ደጅ ስትደርሱ ከውጭ ቆማችሁ «ቤቶች!» በሉ፤ ውሻው የሚፈራው ባለቤቱን ነው። ዱላ ያዙ፣ ግን አትሩጡ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ በተለይ ገበያ ላይ።

የጸጥታው ጉዳይ ሳይነሣ አይታለፍም። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ፣ አገር ሰላም በሚመስልበት ሳምንት እንኳ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። የሚሄድ ሰው በዚያው ቀን እዚያው ካሉ ዘመዶችና ወዳጆች ይጠይቅ፣ የሚሄድበትን ቀበሌ ያሳውቅ፤ «አይሆንም» ካሉት ይቅር።

ሰላም እስኪሰፍን ግን አንድ ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። በክልሉ የገጠር መሬት እየተለካ ለባለ ይዞታው ካርታና ደብተር ሲሰጥ ቆይቷል። ልኬታው ወይም እርማቱ በሚካሄድበት ቀበሌ ሁሉ ሽማግሌዎች ከለኪው ጋር ወጥተው ዋና ዋናዎቹን የገበያ መንገዶችና የወንዝ መሻገሪያዎች ያሳዩ፤ ስፋታቸውም በካርታው ላይ ይስፈር። ሐሙሲትን ከቆራጣ፣ ከዋንዛዬ፣ ከአንበሳሜና ከአርብ ገበያ የሚያገናኙት መንገዶች ቢቀድሙ፣ ባሕር ዛፍ ድንበሩን ሳይዘጋ፣ መንገዱን በእግራቸው የሚያውቁት አባቶችም በሕይወት ሳሉ መዝገብ ላይ ይገባሉ።