የሶፍትዌር ፊርማ ምስክር ወረቀት እድሳት፦ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

አንድ አነስተኛ ድርጅት ለመድኃኒት ቤት፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ለትምህርት ቤት የሚያገለግል የሂሳብ አያያዝ ሶፍትዌር ሠርቶ ሲያሠራጭ፣ ፕሮግራሙ በደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ከመጫኑ በፊት ዊንዶውስ ፋይሉን ያዘጋጀው ማን እንደሆነ ይመረምራል። ለዚህ ምርመራ መልስ የሚሰጠው ኮድ ሳይኒንግ ሰርተፊኬት እየተባለ የሚጠራው የሶፍትዌር ፊርማ ምስክር ወረቀት ነው። የምስክር ወረቀቱ የአገልግሎት ጊዜ ሲያበቃ ድርጅቱ ከዚያ በኋላ የሚያወጣቸውን ማሻሻያዎች በእርሱ ሊፈርም አይችልም። ያልተፈረመ ማሻሻያ አሳታሚው እንዳልታወቀ ከሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ጋር ይቀርባል። በዚህ ጊዜ ደንበኛው ወይ ማሻሻያውን ሳይጭን ይቀራል፣ ወይም ማስጠንቀቂያን አልፎ መሄድን ይለምዳል። የመጀመሪያው የደኅንነት ጉድለቶች ሳይታረሙ እንዲቆዩ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ለአጥፊ ፕሮግራሞች በር ይከፍታል።

ይህ ጽሑፍ የምስክር ወረቀቱ እድሳት እንዴት እንደሚከናወን፣ አስቀድመው የሚሟሉ ሁኔታዎች ምን እንደሆኑና ጊዜው ቢያልፍ ምን ማድረግ እንደሚገባ ያብራራል።

የምስክር ወረቀቱ የሚያረጋግጠው

የሶፍትዌር ፊርማ ሁለት ነገሮችን ያረጋግጣል። አንደኛው ፋይሉን የፈረመው አካል ማንነት ነው። ሁለተኛው ፋይሉ ከተፈረመ በኋላ አንዳች ለውጥ ያልተደረገበት መሆኑ ነው። ፊርማው የሚፈጸመው ድርጅቱ ብቻ በሚይዘው የግል ቁልፍ ሲሆን፣ ትክክለኛነቱ የሚረጋገጠው በምስክር ወረቀቱ ውስጥ በሚገኘው ይፋዊ ቁልፍ ነው። ሆኖም የምስክር ወረቀቱ ሶፍትዌሩ ከስሕተት የጸዳ ወይም ጥራቱን የጠበቀ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አይሰጥም።

ዊንዶውስ የሚቀበላቸውን የምስክር ወረቀቶች የሚሰጡት እንደ ዲጂሰርት፣ ሴክቲጎና ግሎባልሳይን ያሉ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ሰጪ ኩባንያዎች ናቸው። ዋጋው በኩባንያውና በምስክር ወረቀቱ ዓይነት ይለያያል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም ነው።

«እድሳት» ሲባል ምን ማለት ነው

የንግድ ሥራ ፈቃድ ሲታደስ ነባሩ ፈቃድ ጊዜው ይራዘማል። የሶፍትዌር ፊርማ ምስክር ወረቀት ግን አይራዘምም። እድሳት የሚባለው አዲስ የመለያ ቁጥር፣ አዲስ የመጀመሪያና የማብቂያ ቀን ያለው፣ በአብዛኛውም በአዲስ ቁልፍ ላይ የተመሠረተ ሌላ የምስክር ወረቀት ማውጣት ነው። በመሆኑም ሰጪው ኩባንያ የድርጅቱን ማንነት እንደገና ሊያጣራ ይችላል። ድርጅቱ ባለፈው ጊዜ ያለ ችግር ተቀብሎ ስለነበር ዘንድሮም እንዲሁ ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይገባውም።

የምስክር ወረቀቱ የአገልግሎት ዘመንም አጥሯል። የምስክር ወረቀት ሰጪዎችና የሶፍትዌር አምራቾች የጋራ መድረክ የሆነው ሲኤ ብራውዘር ፎረም ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ቀድሞ እስከ 39 ወራት ይደርስ የነበረው ጊዜ ከየካቲት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2026) ጀምሮ ለሚሰጡ የምስክር ወረቀቶች ከ460 ቀናት እንዳይበልጥ ተወስኗል። የሁለትና የሦስት ዓመት አገልግሎት በአንድ ጊዜ ቢገዛም፣ በመካከሉ የምስክር ወረቀቱን እንደገና ማውጣት የግድ ይሆናል። ስለዚህ እድሳት በየዓመቱ ገደማ የሚመለስ መደበኛ ሥራ ሆኗል።

ስምና ሰነድ፦ ብዙ ጊዜ መዘግየት የሚፈጠርበት ቦታ

ሰጪው ኩባንያ የድርጅቱን ሕጋዊ ህልውና፣ አድራሻውን፣ የስልክ ቁጥሩንና አመልካቹ ድርጅቱን ወክሎ ለመጠየቅ ያለውን ሥልጣን ያጣራል። ለኢትዮጵያውያን ድርጅቶች በተለይ የሚከተሉት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ።

የመጀመሪያው የስም አጻጻፍ ነው። አንድ የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ሊጻፍ ይችላል። በንግድ ምዝገባው ላይ የሰፈረው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከማመልከቻው፣ ከድረ ገጹና ከባንክ ሰነዱ ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ማጣራቱ ሊቋረጥ ይችላል። «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለው የድርጅት ዓይነትም በምዝገባው ላይ በሰፈረበት መልክ መጻፍ አለበት። ድርጅቱ በግለሰብ ነጋዴ ስም ሲሠራ ቆይቶ በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት ወደ ባለ አንድ አባል ማኅበር ተለውጦ ከሆነ፣ ሕጋዊ ስሙ ስለተለወጠ ማመልከቻው በአዲሱ ስም መቅረብ ይኖርበታል።

ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። በ2017 ዓ.ም. የተሰጠ ፈቃድ ቀኑን ለማያውቅ የውጭ አገር ሠራተኛ የብዙ ዓመት አሮጌ ሰነድ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከሰነዱ ጋር ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠሮች የተጻፉበት አጭር ማብራሪያ ማያያዝ ይህን አለመግባባት ያስቀራል።

ሦስተኛው የንግድ ሥራ ፈቃዱ ነው። ፈቃድ የሚታደሰው የበጀት ዓመትን ተከትሎ ስለሆነ፣ ሰኔ 30 ካለፈ በኋላና ፈቃዱ ከመታደሱ በፊት የቀረበ ማመልከቻ ጊዜው ባለፈ ሰነድ ላይ ሊመሠረት ይችላል። የምስክር ወረቀቱ ጊዜ በክረምት ወይም በመጀመሪያዎቹ የበጀት ዓመቱ ወራት የሚያበቃ ከሆነ፣ ፈቃዱን ቀድሞ ማደስ ይመረጣል።

አራተኛው ስልክ ነው። ሰጪው ኩባንያ አመልካቹ ራሱ ወደሰጠው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከገለልተኛ ምንጭ ወዳገኘው ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥ ይፈልጋል። ስለዚህ በምዝገባ ሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር የሚሠራ፣ የሚያነሳውም ሰው ስለ ማመልከቻው የሚያውቅ መሆን አለበት።

የግል ቁልፉ የሚቀመጥበት መሣሪያ

እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ከሁለት የታይዋን ኩባንያዎች በተሰረቁ ቁልፎች የተፈረሙ ፋይሎችን ተጠቅሞ እንደነበር ይታወቃል። ኮምፒውተሮቹ ፋይሎቹን የተቀበሉት ፊርማው የታመነ ኩባንያ ፊርማ ስለነበር ነው። የቁልፍ መሰረቅ ጉዳት ከባለቤቱ አልፎ ፊርማውን ለሚያምኑ ሁሉ የሚተርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

በመሆኑም ከግንቦት 24 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2023) ጀምሮ የሶፍትዌር ፊርማ የግል ቁልፍ በተራ ኮምፒውተር ላይ በፋይል መልክ እንዲቀመጥ አይፈቀድም። ቁልፉ ፊፕስ 140-2 ደረጃ 2ን ወይም ተመጣጣኝ መስፈርትን በሚያሟላ የደኅንነት መሣሪያ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ይህም በተግባር ሁለት አማራጮችን ያስከትላል።

አንደኛው በዩኤስቢ የሚሰካ ቶከን ነው። ቶከኑ ከውጭ በፖስታ የሚላክ ሲሆን፣ የመጓጓዣና የጉምሩክ ጊዜ ይወስዳል። ነባሩ ቶከን ደንቡን የሚያሟላ ከሆነ አዲሱን የምስክር ወረቀት በእርሱ ላይ መጫን ይቻል እንደሆነ ሰጪውን አስቀድሞ መጠየቅ ወጪና ጊዜ ይቆጥባል። የቶከኑ የይለፍ ቃል በተደጋጋሚ በስሕተት ከገባ ቶከኑ እንደሚቆለፍ፣ አንዳንዴም ቁልፉ ፈጽሞ ሊመለስ እንደማይችል መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው ቁልፉ በሰጪው ኩባንያ ወይም በሌላ አገልግሎት ሰጪ የደመና ሥርዓት ውስጥ ተቀምጦ በኢንተርኔት የሚፈረምበት አሠራር ነው። ይህ የቶከን መላኪያ ጊዜን ያስቀራል፤ ሆኖም አስተማማኝ የኢንተርኔት ግንኙነት ይጠይቃል፣ አንዳንድ አቅራቢዎችም በፊርማ ብዛት ያስከፍላሉ።

የጊዜ ማኅተም፦ ነባር ሶፍትዌርን የሚታደግ አሠራር

ብዙ ድርጅቶች የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ሲያበቃ ከዚህ በፊት የተሠራጩ ፕሮግራሞች ሁሉ ዋጋ ያጣሉ ብለው ይሰጋሉ። መልሱ ፋይሎቹ በተፈረሙበት አኳኋን ይወሰናል። በፊርማው ጊዜ የጊዜ ማኅተም፣ ማለትም ታይም ስታምፕ፣ ተጨምሮ ከሆነ ፋይሉ የተፈረመው የምስክር ወረቀቱ ጸንቶ ባለበት ጊዜ መሆኑ ስለሚረጋገጥ፣ ፊርማው የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ካበቃ በኋላም ተቀባይነት ይኖረዋል። ማኅተሙ ካልተጨመረ ግን ፊርማው ከምስክር ወረቀቱ ጋር አብሮ ያበቃል።

ይህንን ለማጣራት በዊንዶውስ ላይ የፋይሉን ፕሮፐርቲስ ከፍቶ ዲጂታል ሲግኔቸርስ በሚለው ክፍል የጊዜ ማኅተም ቀን መኖሩን ማየት ይቻላል። ማኅተም የሌላቸው፣ ደንበኞች ግን እስካሁን የሚጠቀሙባቸው ፋይሎች ካሉ ነባሩ የምስክር ወረቀት ከማብቃቱ በፊት ከማኅተም ጋር እንደገና ተፈርመው መሠራጨት አለባቸው። ማኅተሙን የሚሰጠው የሰጪው ኩባንያ አገልጋይ ሲሆን፣ በአብዛኛው ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቅበትም።

የሚመከር ቅደም ተከተል

ከማብቂያው ቀን 90 ቀናት አስቀድሞ፦ የማብቂያውን ቀን ከምስክር ወረቀቱ ላይ ማረጋገጥ። ቀኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠርና በዓለም አቀፉ ሰዓት የተጻፈ ነው። በዚያ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው የሚያበቃ የምስክር ወረቀት በኢትዮጵያ የሚያበቃው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ላይ ነው። በዚሁ ጊዜ የንግድ ፈቃድ፣ የስም አጻጻፍና የስልክ ቁጥር ይመረመራል፤ የውጭ ምንዛሪ ክፍያው ከባንክ ጋር ይመከርበታል።

60 ቀናት አስቀድሞ፦ ማመልከቻውን ማስገባት፣ ክፍያውን መፈጸም፣ ቶከን የሚያስፈልግ ከሆነ ማዘዝ።

30 ቀናት አስቀድሞ፦ አዲሱን የምስክር ወረቀት ተቀብሎ በሙከራ ፋይል ላይ መፈረም፣ በሌላ ኮምፒውተርም መጫኑን መሞከር። የዊንዶውስ ስማርትስክሪን ማጣሪያ ለአዲስ ፋይልና ለአዲስ ፈራሚ ገና መተማመኛ ስለማይኖረው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስጠንቀቂያ ሊያሳይ ይችላል። አዲሱን ቀድሞ ሥራ ላይ ማዋል ይህን የሽግግር ጊዜ ያቀልላል።

ጊዜው ካለፈ ወይም ቁልፉ ከጠፋ

ጊዜው ያለፈ የምስክር ወረቀት ያለው ድርጅት አዲሱ እስኪደርስ ድረስ አዳዲስ ፋይሎችን ከማሠራጨት ቢታቀብ ይመረጣል። አስቸኳይ የደኅንነት ማስተካከያ ካለ፣ የማሻሻያውን ፋይል መለያ አሃዝ፣ ማለትም ሐሽ፣ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ማውጣትና ለደንበኞች በስልክ ማረጋገጥ ይቻላል። ደንበኞች ጸረ ቫይረሳቸውን እንዲያጠፉ ወይም ማስጠንቀቂያን ሁሉ አልፈው እንዲሄዱ መምከር ግን ተገቢ አይደለም። የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ መፈረም ወይም በሌላ ድርጅት የምስክር ወረቀት መጠቀምም እንዲሁ አይገባም። ቁልፉን ያዋሰ ድርጅት በስሙ ለሚፈረመው ሁሉ ተጠያቂ ይሆናል።

ቶከኑ ከተሰረቀ ወይም ቁልፉ በሌላ እጅ እንደገባ ከተጠረጠረ ሰጪው ኩባንያ ሳይዘገይ የምስክር ወረቀቱን እንዲሰርዝ መጠየቅ አለበት። ችግሩ የደረሰበት ቀን በትክክል ከታወቀ፣ ከዚያ በፊት የጊዜ ማኅተም አግኝተው የተፈረሙ ፋይሎች እንዲተርፉ ማድረግ ይቻላል።

ከሌሎች የፊርማ ዓይነቶች ጋር ያለው ልዩነት

በኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ሕጋዊ ዕውቅና ያገኘው ፊርማ ለኤሌክትሮኒክ ሰነዶችና መልእክቶች የሚያገለግል ነው። የሰነድ መፈረሚያ የምስክር ወረቀት ሶፍትዌር ለመፈረም አያገለግልም፤ የእያንዳንዱ የምስክር ወረቀት ዓላማ በውስጡ ተጽፎ ይገኛልና። የአንድሮይድ መተግበሪያዎች የሚፈረሙት ድርጅቱ ራሱ ባመነጨው ቁልፍ ነው። በየዓመቱ መታደስ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ማሻሻያዎች በዚያው ቁልፍ መፈረም ስላለባቸው ቁልፉ በጥንቃቄ መጠበቅ አለበት። ለአፕል መሣሪያዎች ደግሞ የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው አፕል ራሱ ሲሆን፣ ዓመታዊ የአባልነት ክፍያ ይጠየቅበታል።

ስለሆነም ድርጅቶች የትኛው የምስክር ወረቀት በማን ስም፣ በየትኛው መሣሪያ ላይና እስከ መቼ ጸንቶ እንደሚቆይ የሚያሳይ መዝገብ ቢይዙና ኃላፊነቱን ቢያንስ ለሁለት ሠራተኞች ቢሰጡ፣ አንዱ ሥራውን ሲለቅ እድሳቱ ሳይታወስ እንዳይቀር ያግዛል።