አንድ ኩንታል በአንድ ሰው ጀርባ

ዛሬ ጧት የበላችሁት እንጀራ ከምጣድ ከመውጣቱ በፊት ጤፉ በስንት ሰው ጀርባ ላይ እንዳለፈ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ከአውድማ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ደግሞ ወደ ወፍጮ ቤት ሲጓዝ በየመድረሻው ጎንበስ ብሎ የተቀበለው ሰው አለ። የዚህ ሰው ስም በደረሰኝ ላይ አይጻፍም። እኛም «ተሸካሚ» ብለን ጠርተነው እናልፋለን።

እኔም ከሚያልፉት አንዱ ነበርሁ። ሥራዬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ በሒሳብ ጓደኞቹን ሁሉ የሚቀድም ልጅ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማንቀላፋት አበዛ። በመጀመሪያ ተቈጣሁት። በሁለተኛው ጊዜ ግን ለብቻው ጠርቼ ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ «አባቴ ወገባቸውን ታመው ተኝተዋል፤ ሌሊት መኪና ሲገባ በእሳቸው ፈንታ የማወርደው እኔ ነኝ» አለኝ። በማግሥቱ ቅዳሜ ነበርና ልጁን ተከትዬ ወደ መጋዘኑ ሄድሁ።

በመጋዘኑ ውስጥ የተመለከትሁት

መጋዘኑ ከአዲስ አበባው እህል በረንዳ ብዙ አይርቅም። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ ከበሩ በቀር ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። አንድ የጭነት መኪና ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ከላይ ሆነው ጆንያውን ያዘነብላሉ፤ ከታች ያለው ሰው አንገቱን ሰብሮ በትከሻና በማጅራቱ መካከል ይቀበላል። ከዚያ በኋላ በጠባብ ሳንቃ ላይ እየተረማመደ ከሰው ቁመት በላይ ወደ ተከመረው ክምር ይወጣል። ጆንያው አንድ ኩንታል፣ ማለት 100 ኪሎ ነው። ተሸካሚው ራሱ 60 ኪሎ የሚሞላ አይመስልም። መዝጋቢው በበሩ አጠገብ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ጆንያ አንድ ጭረት ይጭራል፤ ደመወዙ የሚታሰበው በጭረቱ ቁጥር ነውና ለማረፍ የሚቆም ሰው አላየሁም። አየሩ በእህል ብናኝ ስለ ተሞላ ሁሉም ያስላሉ።

ከዚያ ወደ ልጁ ቤት ሄጄ አባትየውን ጠየቅኋቸው። ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት አይበልጥም፤ ነገር ግን ከመደብ ላይ ለመነሣት የልጃቸውን እጅ ያዙ። «አባት፣ ወድቀው ነው ወይ?» ብላቸው፣ «የለም መምህር፤ ወድቄ ብሰበር ኖሮ ሰዉም ያዝንልኝ ነበር። እኔ ቀስ በቀስ ነው ያለቅሁት» አሉኝ።

ጀርባችን እንደ ማንሻ ነው

ይህ «ቀስ በቀስ ማለቅ» ምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ባልዲ ውኃ ደረታችሁ አጠገብ አስጠግታችሁ ያዙ። ቀጥሎ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ውኃው አልጨመረም፤ ክንዳችሁ ግን መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሸክም ከሰውነት በራቀ መጠን የሚያሳርፈው ጫና ይበዛል፤ የአከርካሪ አጥንትም የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይህን ጫና ይቀበላል። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ልባስ በየቀኑ ሲጨመቅ ይላላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከቦታው ወጥቶ ነርቭ ይጫናል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ስሌት ሸክም ለማንሣት ሁሉ ነገር በተመቻቸበት ጊዜ እንኳ ከ23 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመክራል። መመቻቸት ማለትም ዕቃው ከሰውነት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀርብ፣ ከመሬትም 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲገኝ ነው። ዕቃው ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ቁጥሩ በግማሽ ወርዶ 11 ኪሎ ተኩል ይሆናል። የዓለም የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ሸክም ክብደት ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ አንድ ጐልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ በፍጥነት ወደዚህ ልክ እንዲወርድ አሳስቧል። እንግዲህ ኩንታሉን ከዚህ ጋር አስተያዩት!

ነገሩን ልብ ብለን ብናየው 100 ኪሎ የነጋዴ መቍጠሪያ እንጂ የሰው ጀርባ ልክ አይደለም። ክብደቱ የሚወሰነው ጆንያው በሚሞላበትና በሚሰፋበት ቦታ ነው። ስለዚህ የሠራተኛውን ኑሮ ማሻሻልም ከዚያው ይጀምራል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

አንደኛ፣ ጆንያውን ማሳነስ ነው። ወደ ውጭ አገር የሚላከው ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ይሰፋል፤ ሲሚንቶም በ50 ኪሎ ከረጢት ይሸጣል፤ በዚህም ምክንያት የቆመ ገበያ የለም። እህልም በ50 ኪሎ ቢሰፋ ሁለቱ ጆንያ ያው አንድ ኩንታል ነው።

ሁለተኛ፣ ለሸክሙ እግር መስጠት ነው። ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ፣ ከመኪናው ወለል ጋር እኩል የሆነ የማራገፊያ መደብ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ርብራቡ ደግሞ እህሉን ከመሬት እርጥበት ስለሚጠብቅ ትርፉ ለባለ ንብረቱም ነው።

ሦስተኛ፣ አየሩ ነው። የመስኮትና የአፍ መሸፈኛ ነገር እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የነቀዝ መድኃኒት ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ክኒን የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ክኒኑ የተጨመረበት መጋዘን በሚገባ ሳይናፈስ ማንም ሊገባበት፣ ዘበኛም ሊያድርበት አይገባም።

አራተኛ፣ ዕረፍት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በሳምንት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት፣ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሆኖም መኪና ሲመጣ ብቻ የሚጠራ የቀን ሠራተኛ በእጁ የውል ወረቀት ስለሌለው ይህን መብት ሊጠይቅ ይቸግረዋል። አሠሪው ዘወትር የሚጠራቸውን ሰዎች በውል ቢይዛቸው ሠራተኛው ነገን ያውቃል፤ አሠሪውም የለመደ እጅ ያገኛል።

ባለ መጋዘኑና ሠራተኞቹ ያሉት

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ባለ መጋዘኑ ሄድሁ። በትሕትና ተቀበሉኝ። «መምህር፣ ገበያው የሚናገረው በኩንታል ነው። እኔ ብቻዬን በግማሽ ብሰፋ የጆንያው ዋጋ እጥፍ ይሆንብኛል» አሉኝ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነጋዴዎች አንድ ላይ ካልተስማሙ ለአንዱ ብቻ ይከብዳል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የሠራተኞቹ መልስ ነው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ አንዱ ቀደም ብሎ፣ «ጆንያው በግማሽ ሲያንስ ጭረቱም በግማሽ ዋጋ ሊታሰብ ነዋ! ምልልሱ እጥፍ፣ ገንዘቡ ያው» አለ። ክፍል ውስጥ ሳላስበው የቀረውን ነገር ይህ ሰው በአንድ አፍ ነገረኝ። ክፍያው በሸክም ብዛት ብቻ እስከታሰበ ድረስ የጆንያው ማነስ ብቻውን አይጠቅመውም፤ ጋሪውና የሚቆረጥ የቀን ደመወዝ አብረው መምጣት አለባቸው። የሥራውን መድኃኒት ከማዘዝ በፊት ሠራተኛውን መጠየቅ እንደሚገባ የተማርሁት ከዚህ ነው።

ከብዙ ንግግር በኋላ ባለ መጋዘኑ ሁለት ጋሪ ገዙ፤ ሳንቃውንም አንሥተው የማራገፊያ መደብ አሠሩ። ጆንያው ግን ዛሬም ያው 100 ኪሎ ነው። የተማሪዬ አባት ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጠው ጆንያ እንዲሰፉ ተደርጓል፤ የሚያገኙት ከቀድሞው ያንሳል። ልጁም ሌሊት መውጣቱን ትቶ ቅዳሜ ብቻ ይሠራል።

ባለፈው ሰሞን ስለ ማንሻ ሳስተምር ይህ ልጅ ሳልጠራው ወደ ሰሌዳው ወጣ። አንድ ሰው በቀን 60 ኩንታል ቢያወርድ 6 ቶን፣ በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ 36 ቶን እንደሚሆን ጻፈ። ከዚያም ጠመኔውን አስቀምጦ ተቀመጠ፤ ክፍሉም ጸጥ አለ።

አባቶቻችን «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ነጋዴ የሆናችሁ በጆንያው ልክ ተስማሙ፤ አሠሪ የሆናችሁ ጋሪና ውል አዘጋጁ፤ ሸማች የሆንን ደግሞ እህሉን ስንገዛ ያወረደውን ሰው እንጠይቅ። ያን ጊዜ የአባቱን ጆንያ ለመቀበል ሌሊት የሚነቃ ተማሪ አይኖርም።