የማን ሰዓት ነው? ስለ መምህራንና ስለ ሠራተኞች ጊዜ አጠቃቀም ተረቱና እውነታው

የጊዜ አጠቃቀም ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው በአንድ ቀን ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ማብዛት ነው፤ በዘርፉ የተደረጉ ጥናቶች ግን ቃሉን የሚጠቀሙበት አንድ ሰው ያለውን ውስን ሰዓት ለያዘው ዓላማ የሚመድብበትን፣ ምደባውንም ከሚያናጉት ነገሮች የሚጠብቅበትን መንገድ ለማመልከት ነው። ብራድ ኤዮንና ባልደረቦቹ በ2021 እ.ኤ.አ. ቀደም ሲል የተካሄዱ በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው በመረመሩበት ሥራ፣ ጊዜን በሥርዓት መጠቀም ከሥራ ውጤት ጋር መጠነኛ ዝምድና እንዳለው፣ ሰው በሕይወቱ ከሚያገኘው እርካታ ጋር ያለው ዝምድና ግን ከዚያ የበረታ እንደሆነ አሳይተዋል። ይህ ግኝት በተለይ ቀን ሥራ ማታ ትምህርት ለሚሉ፣ ቀን አስተምረው ማታ ደብተር ለሚያርሙ ሰዎች ሊነገር ይገባዋል፤ ስለ ጊዜ የሚሰጣቸው ምክር ብዙውን ጊዜ በተሳሳተ እምነት ላይ የቆመ ነውና።

ከእምነቶቹ ሁሉ ሥር የሰደደው «የሐበሻ ቀጠሮ» በሚለው አባባል የሚገለጸው ነው፤ ሰዓት አለማክበር ከባህል የተወረሰ፣ ስለዚህም የማይታረም ጠባይ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህን ለመፈተን ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ እስከ መርካቶ መሀል ያለውን ኑሮ መመልከት ይበቃል። እቁብ፣ ማለትም አባላቱ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ እኩል ገንዘብ እያዋጡ በዕጣ ተራ በተራ የሚወስዱበት ማኅበር፣ ጸንቶ የሚኖረው መዋጮው በተባለው ቀን ስለሚገባ ነው፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ ያዘገየም እንደ ደንቡ ይቀጣል። ዕድርም ከቀብር የቀረን አባል ስም ጠርቶ ይመዘግባል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ምእመንም ሆነ በአንዋር መስጊድ በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግድ ነጋዴ ሰዓት ጠባቂ ነው። እቁቡን ሳያዛንፍ የሚጥል ሰው ለትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ቢዘገይ ልዩነቱ ያለው ከጠባዩ ላይ ሳይሆን ከሁለቱ ቀጠሮዎች አሠራር ላይ ነው፤ እቁቡ ዳኛ፣ ደንብና ቅጣት ሲኖረው፣ ስብሰባው ግን የዘገዩትን ስለሚጠብቅ በሰዓቱ የመጣውን ይቀጣል፣ የዘገየውንም ይክሳል። በሰዓቱ የሚጀመርና በተባለው ሰዓት የሚዘጋ ስብሰባ፣ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ቢገኝበትም እንኳ፣ ስለ ሰዓት ከሚሰጥ ተግሣጽ ሁሉ የተሻለ ያስተምራል።

ከዚሁ ጋር የሚቆራኘው ደግሞ «መንገድ ተዘጋግቶብኝ ነው» የሚለው ምክንያት ነው። ድንገተኛ መዘጋት አለ፤ በዚህ ሠፈር ያለው መጨናነቅ ግን አብዛኛው ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በየወሩ በ24 የተክለ ሃይማኖት ወርኃዊ በዓል ነው፤ ነሐሴ 24 እና ታኅሣሥ 24 ደግሞ በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው መንገድ በሕዝብ ይሞላል። ዓርብ ቀትር ላይ በአንዋር መስጊድ አካባቢ፣ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማዎች ደግሞ በመላው መርካቶ እንዲሁ ነው። ይህን በዓመቱ መጀመሪያ በቀን መቁጠሪያው ላይ ያሰፈረ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ፈተናና ስብሰባ ከእነዚህ ቀኖች ላይ አይጥልም። በስልክ የቀጠሮ ማስታወሻ የሚጠቀም ሰውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚባለው ስልኩ ላይ 8 ሰዓት ሆኖ እንደሚታይ ማስታወስ ይኖርበታል፤ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የ6 ሰዓት ልዩነት፣ በተለይ ከውጭ ድርጅቶች ጋር ለሚሠራ ሰው፣ ከስንፍና ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የቀጠሮ መፋለስ ምንጭ ነው።

ሁለተኛው እምነት መምህርን ይበልጥ ይጎዳል፤ መምህር የሚሠራው ክፍል ውስጥ በሚቆምበት ሰዓት ብቻ ነው፣ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነማ የቀኑ እኩሌታ የራሱ ነው ይባላል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. በ48 አገሮችና አካባቢዎች ባካሄደው ታሊስ በተባለው የመምህራን ጥናት፣ መምህራኑ በሳምንት በአማካይ 38 ሰዓት ያህል እንደሚሠሩ፣ ከዚህም በማስተማር የሚያልፈው 20 ሰዓት ያህሉ ብቻ እንደሆነ ተናግረዋል፤ የቀረው በዝግጅት፣ በእርማት፣ በስብሰባና በጽሕፈት ሥራ ያልቃል። ኢትዮጵያ በጥናቱ አልተካተተችም፤ ሆኖም ጉዳዩን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። 50 ተማሪዎች ያሏቸውን 5 ክፍሎች የሚያስተምር መምህር የ250 ተማሪዎችን የጽሑፍ መልመጃ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ብቻ ሰጥቶ ቢያርም 750 ደቂቃ፣ ማለትም 12 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ተከታታይ ምዘና፣ ማለትም ተማሪውን በአንድ የማጠቃለያ ፈተና ብቻ ሳይሆን በዓመቱ ውስጥ በተለያዩ ሥራዎች መመዘን፣ መልካም አሠራር ቢሆንም ይህን ሰዓት በየጊዜው ይደጋግመዋል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖት ከነበረው ልክ አንጻር ሲታይ፣ አንድ ዙር እርማት ብቻውን የሳምንቱን ሲሶ ይወስዳል። ስለዚህ ለመምህሩ የሚጠቅመው ምክር «ቶሎ ቶሎ አርም» የሚል ሳይሆን፣ የትኛው መልመጃ የመምህሩን ዓይን እንደሚሻ፣ የትኛው ደግሞ ተማሪዎች ደብተር ተለዋውጠው ሰሌዳ ላይ በተጻፈው መልስ ሊያርሙት እንደሚችሉ አስቀድሞ መለየት ነው።

ብዙ ሰዓት የሠራ ብዙ ያፈራል የሚለው እምነት በከፊል እውነት ስለሆነ ለማረም ያስቸግራል። የስታንፎርዱ የኢኮኖሚ ምሁር ጆን ፔንካቬል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በብሪታንያ የጥይት ፋብሪካዎች የተመዘገበውን መረጃ እንደገና ሲመረምር፣ ምርቱ እስከ 49 ሰዓት ግድም ከሥራው ሰዓት ጋር እኩል እንደሚያድግ፣ ከዚያ በኋላ ግን እድገቱ እየቀነሰ ሄዶ በሳምንት 70 ሰዓት የሠራው ሰው ውጤት 56 ሰዓት ከሠራው ብዙም እንደማይለይ አግኝቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በቀን በ8፣ በሳምንት በ48 ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓት ሥራን ደግሞ በቀን በ4፣ በሳምንት በ12 ሰዓት መገደቡ እንግዲህ ለሠራተኛው የተደረገ ቸርነት ብቻ ሳይሆን ለአሠሪውም የሚበጅ ልክ ነው። ቀን በሱቅ ውሎ ማታ የሚማር ወጣት ከእንቅልፉ ቀንሶ ሲያጠና የሚገጥመውም ይኸው የውጤት መቀነስ ነው፤ ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ አልኮል ከቀመሰ ሰው ንቃት ጋር የሚወዳደር ሆኖ መገኘቱን አን ዊሊያምሰንና አን-ማሪ ፌየር በ2000 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ መያዝ ጊዜ ይቆጥባል የሚለው እምነትም አይጸናም። ሶፊ ሌሮይ በ2009 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተችው፣ ሳይጨረስ ከተተወ ሥራ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሰው ሐሳቡ በከፊል ከመጀመሪያው ላይ ስለሚቀር ሁለተኛውን በጎደለ አእምሮ ይሠራዋል። ውጤት እየሞላ ቴሌግራም የሚመልስ መምህር ቁጥር ቢያሳስት ሊያስደንቅ አይገባም።

ዕቅድን በሚመለከት የሚታመነው ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ሥራው የሚፈጅበትን ጊዜ አሳምሮ ያውቃል የሚል ነው። ዳንኤል ካነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. የዕቅድ ስሕተት ብለው የሰየሙት ዝንባሌ፣ ማለትም ያለፈው ሥራ መጓተቱን እያወቁ የሚቀጥለው በጊዜው ያልቃል ብሎ መገመት፣ የዚህን ተቃራኒ ያስረዳል። ሮጀር ቡህለርና ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. ባጠኗቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ የመመረቂያ ጽሑፉ በአማካይ በ34 ቀን ግድም ያልቃል ተብሎ ሲገመት የፈጀው 55 ቀን ያህል ሲሆን፣ ሁሉ ነገር ቢበላሽ ብለው የገመቱት እንኳ ከእውነተኛው ያነሰ ነበር። መድኃኒቱ ግምትን በተስፋ ሳይሆን በመዝገብ ላይ ማቆም ነው፤ ያለፈው ወሰነ ትምህርት እርማት 9 ቀን ከፈጀ የሚቀጥለው 5 ቀን ይፈጃል ብሎ ማቀድ ራስን ማታለል ነው፣ በተለይ የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ፈተና ገናንና ጥምቀትን ተከትሎ በሚመጣበት አገር።

የመጨረሻው እምነት፣ ማለትም ጊዜን መጠቀም የግለሰቡ ጥንካሬ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለው፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ መታረም ይገባዋል፤ ጥፋቱን በሙሉ ሰዓቱን ማዘዝ በማይችለው ሰው ላይ ይጥላልና። ቴሬዝ ማካን በ1994 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው ትንታኔ የጊዜ አጠቃቀም ልማዶች ጭንቀትን የሚቀንሱት ሰውየው በጊዜው ላይ ሥልጣን እንዳለው ሲሰማው ነው። በኢትዮጵያ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ትምህርት ለዚህ አገራዊ ምስክር ነው። ስርጭቱ በደቂቃ የተለካ ነበር፤ ነገር ግን መምህሩ ሊያቆመው ወይም ሊያዘገየው ስላልቻለ፣ ተማሪው ባልገባው ቦታ ላይ ቆም ብሎ የማስረዳት ዕድሉን አጣ። የሰዓት መርሐ ግብሩ ሳይዛነፍ ሲፈጸም የትምህርቱ ጊዜ ይባክን ነበር። ዛሬም ተመሳሳይ ሪፖርት በሦስት ዓይነት ቅጽ የሚያስሞላ፣ ስብሰባን በዕለቱ የሚጠራ፣ የዝግጅት ክፍለ ጊዜን በቀሪ መምህር ምትክ የሚመድብ አስተዳደር ከመምህሩ የሚወስደው ሰዓት፣ መምህሩ ማለዳ በመነሣት የሚመልሰው አይደለም፤ ቅጹን አንድ በማድረግ፣ የስብሰባን ቀን ከወሩ መጀመሪያ በማሳወቅና የዝግጅት ክፍለ ጊዜን ባለመንካት የሚመልሰው ራሱ አስተዳደሩ ነው።