«ፈቃድ አለው» ሲባል የትኛው ፈቃድ?
የዓይን መመርመሪያ ገዢዎች ሊለዩት የሚገባ

ከአሜሪካ የሚመጣ የዓይን መመርመሪያ መሣሪያ «የኤፍ ዲ ኤ ፈቃድ አለው» ሲባል ተፈላጊነቱ ይጨምራል። ይሁን እንጂ ኤፍ ዲ ኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ የሚሰጠው ፈቃድ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን ሳይለይ ገንዘቡን የሚያወጣ ነጋዴ የማይሠራበትን ዕቃ ታቅፎ ሊቀር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የሕክምና መሣሪያዎች ሊያስከትሉ በሚችሉት አደጋ መጠን በሦስት ይመደባሉ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የፊደል ሰሌዳ አንደኛው ክፍል ውስጥ ስለሚገባ ቅድመ ፈቃድ አያሻውም። የዓይን ግፊት የሚለካው ቶኖሜትር ግን ሁለተኛው ክፍል ነው።

በሁለተኛው ክፍል የተለመደው መንገድ «510 ኬ» ይባላል። አምራቹ ዕቃው ቀደም ሲል በሕጋዊ መንገድ ከሚሸጥ ሌላ መሣሪያ ጋር በደኅንነትና በአገልግሎት እንደሚመጣጠን ያስረዳል። ይህ በሦስተኛው ክፍል ከሚጠየቀው «ማጽደቅ» የቀለለ ነው። በመሆኑም በ510 ኬ ብቻ ያለፈን ዕቃ «ኤፍ ዲ ኤ ያጸደቀው» እያሉ ማስተዋወቅ በአሜሪካ ደንብ የተከለከለ ነው።

የሚመሳሰለው ለሌለው አዲስ ዕቃ ደግሞ «ደ ኖቮ» የተባለ መንገድ አለ። በኤፕሪል 2018 (እ.ኤ.አ.) «አይ ዲ ኤክስ-ዲ አር» የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ያለፈው በዚሁ ነው። ፕሮግራሙ የስኳር ሕመም በሬቲና ላይ ያደረሰውን ጉዳት፣ ምስሉን ሐኪም ሳያነበው ይለያል። በ10 ጤና ተቋማት 900 ሕሙማን በተመረመሩበት ጥናት፣ ከቀላል ያለፈ ጉዳት ካለባቸው 87.4 በመቶውን፣ ከሌለባቸው ደግሞ 89.5 በመቶውን በትክክል ለይቷል። እንዲህ ያለ ጉዳት ካለባቸው መቶ ሕሙማን 12 ወይም 13 ያህሉ ሊያመልጡት ይችላሉ ማለት ነው። በ2020 «አይአርት» የተባለው ተፎካካሪ ከእርሱ ጋር ተነጻጽሮ በ510 ኬ አለፈ።

ገዢው ማስተዋል ያለበት ፈቃዱ የታጠረ መሆኑን ነው። «አይ ዲ ኤክስ-ዲ አር» የተፈቀደው ዕድሜያቸው 22 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ የስኳር ሕሙማን፣ ከአንድ የቶፕኮን ካሜራ ጋር ነበር። «አይአርት» በበኩሉ መጀመሪያ ያለፈው ከካነን ካሜራዎች ጋር ነው። ፕሮግራሙን ገዝቶ በረከሰ ካሜራ የሚያሠራ ሰው ከፈቃዱ ውጭ ወጥቷል።

ስለዚህ ሻጩን ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን መጠየቅ ይበጃል። የ510 ኬ ቁጥር በ«ኬ»፣ የደ ኖቮ በ«ዲ ኢ ኤን»፣ የማጽደቅ በ«ፒ» ፊደል ይጀምራል። ቁጥሩ በኤፍ ዲ ኤ ይፋ መዝገብ ይገኛል፤ ሞዴሉና አገልግሎቱም ከዚያው ይመሳከራል። ፋብሪካው በኤፍ ዲ ኤ መመዝገቡ ብቻውን የዕቃ ፈቃድ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የአሜሪካው ፈቃድ የአዲስ አበባውን አይተካም። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ቀብድ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ያለበትም እርሱ ነው።