ከጎድን ወደ መንጋጋ

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ሎስ አንጀለስ በፈረንጆቹ 2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ በሰየመችው ሰፈር፣ ቡና ሲፈላ ቆሎ ይቀርባል። የመንጋጋ መገጣጠሚያው የተጎዳ ሰው ግን ቆሎውን ያሳልፋል። ሲያኝክ ከጆሮው ሥር «ቋ» ይላል፤ ሲብስበት ጉርሻ መቀበልም ጭንቅ ነው። ብዙዎቹ ታማሚዎች ሴቶች ናቸው፤ ያውም ገና በወጣትነታቸው።

በታችኛው መንጋጋና በራስ ቅል መካከል ከልም አጥንት የተሠራች ስስ ዲስክ አለች። መሀሏ የደም ሥር ስለሌለው አንዴ ከሳሳች መልሳ አታገግምም። በ1980ዎቹ ሐኪሞች በቴፍሎን የተሠራ ምትክ ለብዙ ሺህ ሰዎች አስገቡ። ምትኩ በማኘክ ጫና ተፈረፈረ፤ ሰውነት ፍርፋሪውን ሲዋጋ የራሱን አጥንት አስበላ። ያ ስቃይ ሊረሳ አይገባም፤ ተመራማሪዎችን ወደ ሕያው ሕዋስ የመለሳቸው አንዱ ምክንያት እሱ ነውና።

ከነዚህ ተመራማሪዎች መካከል ካይሪያኮስ አታናሲዩና ጄሪ ሁ መጀመሪያ የገጠማቸው ጥያቄ ሕዋሱ ከየት ይምጣ የሚል ነበር። የታመመው መገጣጠሚያ የሚያበድረው ጤነኛ ሕዋስ የለውም። የጎድን አጥንት ጫፍ ግን ልም አጥንት ሞልቶታል። ሁለቱ በ2006 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ከጥጃ መገጣጠሚያ የተወሰዱ ሕዋሳት በማይጣበቁበት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጠጋግተው ሲቀመጡ፣ ያለ ምንም ድጋፍ እርስ በርስ ተያይዘው ልም አጥንት እንደሚሠሩ አሳይተው ነበር። ለእኔ የታሪኩ እምብርት ይህ ነው፤ ባዕድ ቁስ ሳይገባ ሥራውን ለሕዋሶቹ መተው።

በ2018 ተመራማሪዋ ናታሊያ ቫፕኒያርስኪና ባልደረቦቿ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስና ኧርቫይን ሆነው፣ ሐሳቡን በዩካታን ትናንሽ አሳማዎች ፈተኑት። አሳማ የተመረጠው የመንጋጋው ዲስክ ከሰው ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ሆን ተብሎ እንዲሳሳ የተደረገውን ዲስክ እንደ ኪስ ከፍተው፣ ከጎድን ሕዋስ ያደገውን ልም አጥንት በንብርብሮቹ መካከል አስገቡ። ከ8 ሳምንት በኋላ ጉድለቱ፣ ምንም ካልገባላቸው አሳማዎች ጋር ሲነጻጸር፣ 4.4 እጥፍ በተሻለ ሁኔታ ተዘግቶ ተገኘ። ሕዋሶቹ የመጡት ከሌላ አሳማ ሆኖ ሳለ የተቀባዩ ሰውነት ያሳየው ተቃውሞ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ይህ ለሰው ከሠራ፣ ታማሚዋ የራሷን ጎድን ማስቆረጥ አይጠበቅባትም።

8 ሳምንት ግን አጭር ነው፤ የአሳማዎቹም ጉዳት በጤነኛ መንጋጋ ላይ በቢላ የተፈጠረ ነበር። ቀጣዩ ፈተና፣ ለዓመታት ሲያብጥና ሲቆስል በኖረ መገጣጠሚያ ውስጥ አዲሱ ልም አጥንት ይጸናል ወይ የሚለው ነው።